ስፌቱ የማይታይ መኪና

«ትንሽ ወደ ኋላ። አሁንም ትንሽ። በቃ፣ እዚያው።»

ኦሮዝበክ እጁን አንስቶ የጎታቹን መኪና ሹፌር አስቆመው። ሰንሰለቱ ሲላላ የመኪናው የኋላ ግማሽ ከመድረኩ ተንሸራቶ ጭቃው ላይ ተቀመጠ። የፊቱ ግማሽ ቀደም ብሎ ወርዶ ጋራዡ በር አጠገብ አፍንጫውን ደፍቷል። ሻርሼን እጆቹን ካፖርቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ሁለቱን ግማሾች እያየ ቆሟል። ባለፈው መከርም ወደዚህ ግቢ የመጣው እንዲሁ ሁለት ሆኖ ነበር።

ያን ጊዜ የቆረጠው መጋዝ ነው። ጃፓን አገር ወገቡ ላይ ተጋዝቶ፣ «መለዋወጫ» ተብሎ በኮንቴይነር የመጣ። ሙሉ መኪና የሚጠየቅበትን ቀረጥ የሚችል ሰው እዚህ ጥቂት ስለሆነ፣ ቶክሞክ ከተማ ዙሪያ ካለው መኪና ግማሹ እንዲህ ተቆርጦ መጥቶ በሰው ጓሮ የተበየደ ነው። የሚደነቅበት የለም።

ኦሮዝበክ ሹፌሩን ሸኝቶ ተመለሰ። «ሐሙስ ሰውዬው ከናሪን ይመጣል» አለ። «ሞተሩን አስነስቼ በስልክ አሰማሁት። ወዶታል። ድንጋዩ የመታው ጎኑን ነው፣ ሞተሩ ንክች አላለም። አንተ ብቻ አገጣጥምልኝ።»

«ጄዝዴ፣ ቢቀርብዎስ» አለ ሻርሼን። የታላቅ እህቱን ባል ከ«ጄዝዴ» በቀር በሌላ ጠርቶት አያውቅም። «ለቁርጥራጭ ብረት ይሽጡት።»

«በቁርጥራጭ ዋጋ የፈረስ ጅራትም አይገዛም። አርባው ዓርብ ሳምንት ነው። ለአባቴ አርባኛ ቀን ፈረስ አርጄ ለልጄ በግ ልረድ? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውዬው መጋጨቱን ያውቃል?»

«ተቆርጦ የመጣ መሆኑን ያውቃል። ሁሉም ተቆርጦ የመጣ ነው። ስንቴ እንደተቆረጠ ማን ይቆጥራል።» ኦሮዝበክ ፈገግ ለማለት ሞከረ፤ ከንፈሩ እንቢ አለው። «እንደ ያኔው አድርግልኝ። ስፌቱ እንዳይታይ። ከፋብሪካ የወጣ ነው የሚመስለው ሲሉህ አልነበር? እጅህ ወርቅ ነው።»

ጎማው ላይ የደረቀውን ጭቃ በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ያ ልጅ እግሩን ከነዳጁ ላይ አንስቶ ቢሆን ኖሮ ዛሬም ይነዳው ነበር።»

ከቀብሩ ወዲህ ኦሮዝበክ የልጁን ስም አይጠራም። «ያ ልጅ» ነው የሚለው።

ኦሮዝበክ ሲሄድ ሻርሼን የግቢውን በር ዘጋና ወደ መኪናው ተመለሰ። ወዲያው ሊነካው አልፈለገም። የጋራዡን መብራት አበራ፣ መዶሻውን ከአንዱ መስቀያ ወደ ሌላው አዛወረ፣ የብየዳ ማሽኑን አቧራ በእጅጌው ጠረገ። ማሽኑን የገዛው ከሞስኮ በመጨረሻ ሲመለስ ባመጣው ገንዘብ ነው። አሥራ አንድ ዓመት የሰው ፎቅ ሲገነባ ኖሮ፣ አንድ ቀን የመግቢያ ፈቃዱ ታገደና ወደ መንደሩ ገባ። በአርባ አራት ዓመቱ እንደ አዲስ ሙያ መማር ነበረበት።

የተማረው ከሁለት አስተማሪ ነው፤ አንዱ ስልኩ፣ ሌላው ጌና። ስልኩ ውስጥ ጓንታቸው የማይቆሽሽ ሰዎች እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደረደረ ብየዳ እያሳዩ «ቀላል ነው» ይላሉ። ከመንገዱ ማዶ የሚኖረው አዛውንቱ ሩሲያዊ ጌና ግን ቀላል ነው ብሎ አያውቅም። ሠላሳ ዓመት የእርሻ መኪና ሲበይድ የኖረ ሰው ነው። ዓይኑን ሞራ እየጋረደው ስለነበር ሻርሼን ሲሠራ አጠገቡ ቆሞ በጆሮው ያዳምጠዋል። ማሽኑ ሲንጫጫ «ኃይሉ በዛ»፣ ሲንተፋተፍ «ኃይሉ አነሰ፣ ላዩን እየቀባኸው ነው» ይለዋል። አንድ ቀን ሻርሼን የአጥር በር በይዶ፣ በግራይንደር ልጦ፣ እንደ መስታወት አለስልሶ ቢያሳየው በመዳፉ ዳሰሰና፣ «ለአጥር ደግ ነው» አለው። «ለአልጋም ሞርደው። ሰው ተቀምጦ ለሚሄድበት ነገር ግን የብየዳውን እብጠት አትንካ። ብረቱን የያዘው እብጠቱ ነው።»

የሻርሼን የእህት ልጅ ባያማን ሁለቱን ግማሾች ይዞ ሲመጣ ጌና ለዓይኑ ቀዶ ሕክምና ቢሽኬክ ሄዶ ነበር። ሻርሼን እስኪመለስ እንጠብቅ ብሎ ነበር። ባያማን ግን ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ መጠበቅ አያውቅም።

«ታዬ፣ መከሩ እያለቀ ነው» አለው የዚያን ቀን፣ የእናቱን ወንድም እያቆላመጠ። «ተሳፋሪ ያለው አሁን ነው። ደግሞ አደራህን፣ ስፌቱ እንዳይታይ። ሰዎቹ ከመግባታቸው በፊት የበሩን ስር ምንጣፍ ገለጥ አድርገው ያያሉ። አበጥ ካለባቸው ‹ይሄማ የተሰፋ ነው› ብለው ከኋላዬ ያለው መኪና ላይ ይወጣሉ። ከኋላዬ ያለውም የተሰፋ ነው፤ የሱ ግን አይታይም።»

ከበሮቹ ስር በሁለቱም ጎን እንደ ሳጥን የሚሄደው ብረት መኪናውን እንደ ወገብ የሚይዘው ነው። ሻርሼን ውስጡ ሌላ ብረት ማስገባት እንዳለበት ያውቅ ነበር። በሁለቱ ጫፎች መሃል ለብየዳው መግቢያ ክፍተት መተው እንዳለበትም ያውቃል። ላሜራው ስስ ስለነበር ግን እንዳይበሳው ፈራ። ጫፎቹን አፍ ለአፍ ገጠመ፣ የማሽኑን ኃይል ቀነሰ፣ በይዶ ሞረደው። ስቱኮ ቀባው፣ ቀለም ነፋበት። የወጣለት ነበር። እህቱ ካሊፓ ቦርሶክ የሚባለውን የዘይት ዳቦ ጠብሳ ጎረቤቱን ሁሉ ጠራች። ሰው መኪናውን እየዞረ ምንጣፉን ይገልጣል፣ መስመሩን ይፈልጋል፣ ያጣዋል።

አሁን ሻርሼን ተንበርክኮ ስብራቱን በሽቦ ብሩሽ ፋቀው። ላሜራው የተቀደደው ድንጋዩ በመታው ቦታ አልነበረም። እሱ በበየደበት መስመር፣ ልክ እንደታጠፈ ወረቀት ቀጥ ብሎ ነው የተለያየው። ብየዳው ከላይ እንደ ክር ቀጥኖ ቀርቷል፤ ከሥሩ የሁለቱ ብረቶች ጫፍ መጋዙ እንደተዋቸው ናቸው፣ ሳይነካኩ።

መብራቱን አስጠጋ። ስብራቱ ሁለት ዓይነት መልክ ነበረው። ከላይ ያለው ገና ቀላ ያለ፣ የአንድ ወር ዝገት ነው። ወደ ታች ያለው ግን ጥቁር ቡናማ ሆኖ የክረምቱ የመንገድ ጨውና ጭቃ ጠልቆ ደርቆበታል። ስንጥቁ ከአደጋው በፊት ብዙ ሳምንት የኖረ ነው። በየጉዞው ትንሽ ትንሽ እየተከፈተ፣ ከስቱኮው ስር፣ ከዚያ ለስላሳ ቀለም ስር።

እንደተንበረከከ ቀረ።

የትራፊክ ወረቀቱ «በረዶ፣ ከመጠን ያለፈ ፍጥነት» ይላል። ባያማን በቦም ገደል መታጠፊያ ላይ ተንሸራቶ ከዓለቱ ተላተመ፤ መኪናው ተከፈለ። እሱና ከኋላ ተቀምጣ የነበረችው መምህርት ሳይራ ሞቱ። ሳይራ የዚሁ መንደር ልጅ ናት፤ የመንደሩን ግማሽ ፊደል ያስቆጠረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመንደሩ የሚባለው አንድ ነው፦ የኦሮዝበክ ልጅ በፍጥነት ሰው ገደለ። ኦሮዝበክ ራሱ ልጁን በቀበረ በሦስተኛው ቀን ወደ መምህርቷ ቤት ለቅሶ ደርሶ ነበር። እንደ ደንቡ ከሩቅ ጀምሮ ጮክ ብሎ እያለቀሰ መጣ፤ ከውስጥም እያለቀሱ ሊቀበሉት ይገባ ነበር። በሩ አልተከፈተለትም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከዚያም ጨርሶ ዝም ብሎ፣ በመጣበት መንገድ ተመለሰ። ሻርሼን ከኋላው ነበር።

«ሾርባው ቀዘቀዘ» የሚል ድምፅ ሰማ። ሚስቱ ናዚራ በሩ ላይ ቆማለች።

«ናዚራ፣ አልፈጠነም።»

«ማን?»

«ባያማን። መታጠፊያው ላይ ብረቱ ነው የከዳው። ነይ እዪ፣ እዚህ ጋ ቆይቷል ተሰንጥቆ። እኔ ነኝ የሞረድኩት።»

ናዚራ አልቀረበችም። የመሀረቧን ጫፍ አስተካከለች።

«ለማን ነገርክ?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው ለማንም አትንገር።» ድምፅዋ ሻይ ጠጣ ስትለው እንደሚሆነው ነበር። «የመምህርቷ ባል ቢከስህስ? ሞስኮ እንደሆነ ተዘግቶብሃል። ከዚህ በኋላ ማነው ላንተ የዶሮ ቤት እንኳ የሚያሠራህ? ልጃችን ዘንድሮ ትምህርት ቤት ትጨርሳለች።»

«ሁሉም እሱን ነው የሚረግሙት።»

«ሞቷል እኮ ሻርሼን። ሙት አይሰማም።»

«እናቱስ?»

ናዚራ «ሾርባውን ላሙቀው» ብላ ሄደች።

ከሰዓት በኋላ ጌና በምርኩዙ ጭቃውን እየፈተነ መጣ። ቀዶ ሕክምናው አንዱን ዓይን ብቻ ነው ያዳነው፤ እሱም ጥላ ነው የሚያየው።

«ጎታች መኪና ሰማሁ» አለ። «የልጁ ነው?»

«የልጁ ነው፣ አጎቴ።»

«ምራኝ።»

ሻርሼን ክንዱን ይዞ አጠገቡ አደረሰው። ሽማግሌው እያቃሰተ በርከክ አለና በአውራ ጣቱ ስብራቱን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰ፤ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ። ከዚያ ጣቱን ወደ ሳጥኑ ብረት ውስጥ ሰደደ። ባዶ ነው።

«ውስጡ ምንም አላስገባህም።»

«አላስገባሁም።»

«ማነው የሞረደው?»

«እኔ።»

ጌና ጣቱን ሱሪው ላይ ጠረገ። «ቆንጆ አድርገህ ነው የሞረድከው» አለ። «እኔ እንኳ እንዲህ አላለሰልስም።» እንዳጎነበሰ፣ «ሌላ መኪና ሠርተሃል?»

«የለም። በርና አጥር ብቻ።»

«እግዜር ይመስገን።»

«ጄዝዴ መልሰህ በይደው እያለኝ ነው። ለናሪን ሰው ሊሸጠው። ልጆች ያሉት ሰው ነው አሉ።»

«አሁንማ ታውቃለህ። ውስጡን ብረት ታስገባለህ፣ ክፍተት ትተዋለህ፣ እብጠቱን አትነካም። የታጠፈውን ታቃናለህ። ይይዛል።» ሽማግሌው ምርኩዙን ፈልጎ አገኘና ተነሳ። «እኔን ልትጠይቀኝ የፈለግከው ግን ይሄን አይመስለኝም።»

«ምን ልበላቸው?»

«እኔ ብየዳ ነው የማውቀው» አለ ጌና። «በሩ ድረስ አድርሰኝ፣ ጭቃው አይታየኝም።»

ጌናን አድርሶ ሲመለስ ካሊፓ ግቢ ውስጥ ነበረች። ባልዲ፣ ሳሙናና የአሮጌ አንሶላ ቁራጭ ይዛለች። ጥቁር ለብሳለች፤ ነጭ መሀረቧን ወደ ኋላ አስራ እጅጌዋን ሰብስባለች። ሰላምታ አላስቀደመችም።

«ሙቅ ውሃ አምጣልኝ።»

«ኤጄ፣ እኔ አጥበዋለሁ። አንቺ ግቢ፣ ናዚራ ሻይ…» አላት ታላቅ እህቱን።

«ሻይ አልፈልግም። ሊሸጥ ነው ሲሉኝ ነው የመጣሁት። የሌላ ሴት እጅ የልጄን ደም እንዲያጥብ አልፈልግም። ውሃ አምጣ።»

ውሃውን አመጣላት። በፊተኛው ግማሽ፣ በቀኝ በኩል ባለው የሹፌር መቀመጫ ስር ተንበርክካ ጀመረች። ጨርቁን ታርሳለች፣ ትፈትጋለች፣ ባልዲው ውስጥ ትጨምቃለች። ውሃው ወዲያው ቡና መሰለ። ሻርሼን ደፋላትና ሌላ ቀዳ። ሦስተኛው ባልዲ ላይ እጇ ሳያቆም መናገር ጀመረች።

«ትናንት ገበያ ላይ የሳይራን እናት አየኋት። መንገድ ቀየርኩ። እሷ ናት መቀየር የነበረባት ብዬ ትንሽ ተናደድኩ፤ ከዚያ አፈርኩ።»

ሻርሼን ባልዲውን ወደ እጇ አስጠጋላት።

«የትራፊክ ወረቀቱን የጻፉት ልጆች አሥር ደቂቃ እንኳ አላዩትም አሉ። ብርድ ነበር።» ጨርቁን ጨመቀች። «አንተ የብረት ሰው ነህ። እንዲያው ስታየው… በጣም ፈጥኖ ነበር?»

በረዶ ነበር ሊላት ይችላል። መኪናው ለሁለት መከፈሉን ከሰማ ጀምሮ ይህን መልስ ሲያዘጋጀው ኖሯል፤ ውሸትም አይደለም። በእርግጥ በረዶ ነበር። የካሊፓን ጀርባ አየ። በቀሚሷ ውስጥ አጥንቷ ተቆጠረ፤ በአንድ ወር ውስጥ እንዲህ መክሳቷን አላስተዋለም ነበር።

«አልፈጠነም» አለ።

እጇ ቆመ።

«ስፌቱ ነው የተከፈተው፣ ኤጄ። እኔ የበየድኩት። ከአደጋው በፊት ተሰንጥቆ ነበር። ውስጡ ብረት አላስገባሁም፣ ደግሞ እንዳይታይ ብዬ ሞረድኩት። ጌና እንዳልሞርድ ነግሮኝ ነበር። በዚያ መታጠፊያ የማንም መኪና ይንሸራተታል። ለሁለት የሚከፈለው ግን የኔ ብቻ ነው።»

ካሊፓ አልዞረችም። ከመንገዱ ማዶ የአንድ ሰው ውሻ ይጮሃል። ናዚራ ከመስኮቱ መጋረጃ ጀርባ ቆማ እንደሆነ ሻርሼን ቀና ሳይል ያውቃል።

«ያን ቀን እጅህን ስሜ ነበር» አለች ካሊፓ። «ቦርሶክ የጠበስኩ ዕለት። በሰው ሁሉ ፊት።»

«ስመሽኝ ነበር።»

ጨርቁን መልሳ ባልዲው ውስጥ ነከረች። የመቀመጫውን ስፌት በጥፍሯ ትጠርግ ጀመር።

«ሃያ ሰባት ቀን ሙሉ ስረግመው ነበር» አለች። «እንደ አባቱ በአፌ አይደለም። በልቤ። እየሰገድኩ እንኳ። ለምን ፈጠንክ፣ ለምን የሰው ልጅ ገደልክ እያልኩ።» ድምፅዋ አልተሰበረም፤ ደርቆ ነው የወጣው። «የወለድኩትን።»

ሻርሼን አንድ እርምጃ ወደ እሷ ሄደ። እጇን ሳትዞር ወደ ኋላ ዘርግታ አስቆመችው።

«አትቅረበኝ። አሁን አትቅረበኝ።»

ቆመ። መቀመጫውን እስክትጨርስ፣ መሪውን እስክትወለውል፣ የበሩን ውስጥ ሁለት ጊዜ እስክታጥብ እዚያው ቆየ። ስትነሳ የበሩን ብረት ይዛ ቀጥ አለች። ፊቷን አየ። በንዴት የምታየው መስሎት ነበር፤ የምታየው ግን እንደማታውቀው ሰው፣ መንገድ ላይ አድራሻ እንደጠየቃት ሰው ነው።

«መኪናውን አትሠራውም» አለች።

«አልሠራውም።»

«ለአባቱ አንተው ንገረው። ዛሬ። እኔ አልነግርልህም።» ባልዲዋን አነሳች። «አርባው በበግ ይሁን።»

ከሄደች በኋላ ሻርሼን የማሽኑን ገመድ ነቅሎ ጠቀለለ። ናዚራ ወጥታ በረንዳው ላይ ቆመች። ካፖርቱን ሲቆልፍ አየችው።

«ነገርካት» አለች።

«ነገርኳት።»

«ምን አለች?»

«ለጄዝዴ ንገር አለች።»

ናዚራ ፊቷን በሁለት እጇ ጠረገችና አነሳችው። «እሱ ዝም ያሰኝሃል» አለች፤ ተስፋ አድርጋ ይሁን ተስፋ ቆርጣ አልለየለትም። «ለአርባው ሲል። እንግዳ ተጠርቶ አልቋል። ‹ካለፈ በኋላ› ይልሃል። ካለፈ በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር አለ።»

መንገዱ ላይ የቀለጠው በረዶ ከጭቃው ጋር ተቀላቅሎ ጫማውን ያዘው። ምን እንደሚል እየተለማመደ ሄደ። ቃላቱ ግቢው ውስጥ ለካሊፓ ሲናገራቸው ቀለው ነበር፤ አሁን አንዱ ከሌላው አልገጥም አሉት። ሰላም ያሉትን ሰዎች ሰላም አለ። አንዱ፣ «መኪናው መጣ አሉ፣ ይሠራል?» ብሎ ጠየቀው። «አይሠራም» ብሎ አለፈ።

የመስኖው ቦይ ድልድይ ላይ ሲደርስ ቆመ። መንገዱ እዚህ ይከፈላል። በስተቀኝ፣ ከፖፕላር ዛፎቹ ኋላ፣ የእህቱ ቤት ጭስ ይታያል። ኦሮዝበክ በዚህ ሰዓት ምድጃው አጠገብ ተቀምጦ የሚጠሩትን እንግዶች ስም እየጻፈ ነው። ሻይ ይቀዳለታል። ሰምቶ ሲያበቃ ደግሞ፣ ናዚራ እንዳለችው፣ በሩን ዘግቶ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሻርሼን ራሱን ያውቃል። ከሌላ ሰው ጋር ሆነህ አንድን ነገር ደብቅ ቢባል ይችላል፤ አንዴ ተስማምቶ ከወጣ ደግሞ ተመልሶ አፉን የሚከፍት ዓይነት ሰው አይደለም።

በስተግራ መንገዱ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳል። ከትምህርት ቤቱ ቀጥሎ ሰማያዊ በር አለ፤ የመምህርት ሳይራ ቤት ነው።

የካፖርቱን አንገት ሰብስቦ ወደ ግራ ታጠፈ።